የይድነቃቸው ለቅሶ

ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ዳቦ ቆረጥኩ፤ ሻይ ጣድኩ። ከቧንቧው የወረደው ውኃ ሞቅ ያለ ነበር። አዳማ ላይ በግንቦት ቀዝቃዛ ውኃ የሚያገኝ ሰው የለም። ከዚያ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ወደ በሩ ሄጄ ትንፋሼን ሰጠሁ። በሩ ጥቂት አሰበና «ደህና ይዋሉ፣ ወይዘሮ ማስተዋል» ብሎ ተከፈተ። መልሼ ዘጋሁት። የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም፤ ትንፋሽ ግን የሚወጣም የማይወጣም ይሰጣል።

ልጄ ይድነቃቸው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ካልሲ አድርጎ ከመኝታ ክፍሉ ወጣ። በሩ ፊት ቆሞ ተነፈሰ። በሩ ዝም አለ።

«ጉንፋን ይዞታል በይው» አለኝ።

«ራስህ ንገረው።»

«እኔን አያምነኝም። አንቺን ያከብርሻል።»

በሩ «እባክዎ ይቆዩ» አለ። ውጭ ደረጃው ላይ ያለው የቤታችን መብራት ብርቱካናማ መሆኑን ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም፤ የፊት ለፊት ጎረቤታችን የእትዬ ውድነሽ በር ሲከፈት ሰማሁ። የእኛ መብራት በተለወጠ ቁጥር እትዬ ውድነሽ የሚጥሉት ቆሻሻ አያጡም።

ይድነቃቸው ተመልሶ ዳቦውን በላ። ከበሩ መውጣት ከተከለከለ ሰንብቷል። ጋንጃው ግን ከቤት ጠፍቶ አያውቅም፤ በመስኮት ይገባል። ሰው ሁሉ በበር እንዲሸተት ያዘዙት ሰዎች መስኮት የሚባል ነገር መኖሩን ያሰቡበት አይመስለኝም።

የበሩ ባለቤት እድሩ ነው። ሆስፒታሎቹ የሚሰጡት ቀጠሮ ከቀብር በኋላ መድረስ ሲጀምር፣ ሰዉ በዚህ አገር ቃሉን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ አሰበ። እድር ነው። ድንኳኑ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ወንበሩም በሰዓቱ ይደርሳል። እንግዲያው ሕመማችንንም እሱው ይያዝልን ተባለ። ያዘልን። ሰው በመቅበር የታወቀ ማኅበር ሰው ማዳን ሲጀምር ነገሩ ምን እንደሚመስል የጠየቀ አልነበረም።

ይድነቃቸው ማጨስ የጀመረው አባቱ በሞተበት ዓመት ነው። ስለዚያ ዓመት ከዚህ በላይ አልጽፍም። መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር ነበር፤ ኋላ ብቻውን ሆነ፤ ከዚያ ጠዋት ሳያጨስ መነሣት አቃተው። ኮረብታው ላይ ካሉት የነፋስ ማማዎች በአንዱ ጥገና ይሠራ ነበር። አንድ ቀን መታጠቂያውን ሳይቆልፍ እላይ ድረስ ወጥቶ ተገኘና ከሥራ ተሰናበተ። ሦስት ጊዜ ለማቆም ሞክሯል። በሞከረ ቁጥር አንሶላው በላብ ይርሳል፤ ምግብ አይቀርበውም፤ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። በሳምንቱ መስኮቱ ይከፈታል። ሱስ ነው። እንደ አንዳንድ እናቶች «የዕድሜ ነገር ነው» ብዬ አላውቅም።

«ማታ ስተኛ አቆማለሁ እኮ» አለኝ ያን ቀን ሻዩን እያማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም። «እውነቴን ነው፣ እማ። እንዳንቺ ያለ ሰው ዋሸኝ እንዲል አልፈልግም።»

«ዋሸኝ አላልኩም።»

«ብትይ ይሻለኝ ነበር።»

እድሩ ለእንዲህ ያለ በሽተኛ አማራጮች አሉት። ቃሉ የራሱ የእድሩ ነው፤ «አማራጭ» ሲሉ አፋቸው ይጣፍጣል። የመጀመሪያው ሽልማት ነበር። ንጹሕ ትንፋሽ የሰጠ ነጥብ ያገኛል። ይድነቃቸው ለጥቂት ቀናት ታግሦ ነጥብ ሰበሰበና አንድ ትልቅ ጃንጥላ ተሸለመ። ሽልማቱን በጋንጃ አከበረው። አዳማ ውስጥ ጃንጥላ ምን እንደሚያደርግ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ሁለተኛው «ሽማግሌው» ነው። ግድግዳው ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሸካራና ደግ የሆነ ድምፅ ነው፤ የየትኛው አገር ሽማግሌ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ማታ ማታ «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» ይላል። ይድነቃቸው መጀመሪያ በትሕትና ይመልስለት ነበር፤ ኋላ መከራከር ጀመረ። ሽማግሌው የተሠራው ሰውን እንዳያስቀይም ነውና በክርክር መርታት አይችልም። በወሩ ገደማ «አንተም እውነት አለህ፣ ልጄ» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ይድነቃቸው ከት ብሎ ሳቀ፤ ሽማግሌውም አብሮት ሳቀ። በማግስቱ የእድሩ ሰዎች መጥተው ነቅለው ወሰዱት። «ተበላሸ» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እድሩ አስጠራን። አዳራሹ የሕንፃችን ምድር ቤት ነው። የጠራው እድሩ ስለሆነ ለይድነቃቸው በሩ ራሱ ተከፍቶ አሳለፈው። ዳኛው ጋሽ መንክር ድንኳን ሲያስተክሉ ያረጁ ሰው ናቸው። አጠገባቸው የሕክምና ክፍሉ ባለሙያ ረድኤት ተቀምጣለች፤ ሃያዎቹን ያላለፈች፣ ፈገግታዋ የማይቋረጥ ልጅ ናት።

«እህቴ፣» አሉኝ ጋሽ መንክር፣ «አንቺን ማስቸገር አልፈልግም። የባልሽን ቀብር እኔው ነኝ ያስፈጸምኩት። ግን ደንብ ደንብ ነው። መብራቱ ብርቱካናማ የሆነ ቤት ሕክምና ካልመረጠ ይሰረዛል።»

መሰረዝ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። የተሰረዘ ሰው ሲታመም የሚያየው፣ ሲሞት የሚያነሣው የለም። በሩም አይከፈትለትም።

ረድኤት እጇን አየር ላይ አንቀሳቀሰች፤ የአማራጮቹ ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ተደረደሩ። አብዛኞቹ ላይ የሚስቁ ሰዎች ነበሩ።

«እናቴ፣ የቀረው ስንብት ነው» አለች። «በጣም ውጤታማው እሱ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኳት። «ድሮ ሰው ከሰው ጋር ይነጋገር ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ የሠለጠነ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ለምን እንደሚያጨስ፣ መቼ እንደሚያምረው፣ ሲያምረው ምን ማድረግ እንደሚችል እየጠየቀ ያነጋግረው ነበር። ለዚህ ሱስ የሚዋጥ መድኃኒት አልነበረም፤ ንግግሩ ግን ብዙ ሰው ረድቷል። እሱ አማራጭ የት ሄደ?»

«ሰው?» አለች ረድኤት።

«አዎ። ሰው።»

«እሱ ተነሥቷል፣ እናቴ። ይዘገያል። ደግሞ በየቀኑ የሚለካ ነገር የለውም።»

ስንብትን አስረዳችን። የሚያጨሰው ሰው እንደሞተ ይቆጠራል። ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ይለቀሳል። በሽተኛው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ የራሱን ለቅሶ ያዳምጣል። ለቀስተኛው የሟቹን ጥፋት እየዘረዘረ ይናገራል፤ በሽተኛውም ያንን ሰው ይጠላዋል። ከዚያ በአዲስ ስም ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤተሰብ ዘንድ ይሄዳል። ቤተሰብ አይደውልም፤ አይጠይቅም። የሟቹን ስም አንስቶ የጠራውም ይቀጣል።

«ለስንት ጊዜ?» አልኩ።

«ለዓመት ብቻ። ዓመቱ ሲሞላ ወደ ስሙ መመለስ መብቱ ነው። እሱ ከፈለገ።»

«ውጤቱስ?»

«መቶ በመቶ» አለች ረድኤት፤ ፈገግታዋ ሰፋ።

ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ስታቲስቲክስ ነው። መቶ በመቶ ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ስጠይቃት ሳትደብቅ ነገረችኝ፤ ወደ ሱስ የሚመለስ ሰው ቢኖር የሚመለሰው በአዲሱ ስም ነው፤ ስለዚህ እንደ አዲስ በሽተኛ ይመዘገባል። ሟቹ አይመለስም። የሞተ ሰው አያጨስም፤ ውጤቱም መቶ ነው። ይህን ስትናገር እፍረት አልታየባትም። ያሰላውም ሰው አላፈረም መሰለኝ።

የመለሰላት ይድነቃቸው ነው።

«የራሱን ለቅሶ ማየት የማይፈልግ ማን አለ?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓመት ነው፣ እማ። ምናልባት ይሠራ ይሆናል። እመለሳለሁ።»

ተስማማሁ። የያዝኩት «እመለሳለሁ» ያላትን አንዲት ቃል ነበር።

ድንኳኑ ሐሙስ ጠዋት ግቢው መኻል ተተከለ። በሰዓት እንደሆነ እድሩን ማንም አያማውም። የይድነቃቸው ፎቶ ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ቆመ። እሱ ራሱ በመጋረጃ በተከለለችው የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ እጁ ላይ መለኪያ ታስሮለት፣ በትርፍ ወንበሮች መኻል ተቀመጠ። ረድኤት ለለቀስተኛው ሁሉ የሚባለውን አከፋፈለች። «ውሸታም ነበር። ሰነፍ ነበር። እናቱን አስለቀሰ።»

እትዬ ውድነሽ መቀነታቸውን አጥብቀው ገቡ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጭሱ ለእድሩ ያመለከቱት እሳቸው ናቸው። ፎቶውን አዩ። ደረታቸውን መቱ።

«ወይኔ የኔ አንበሳ! አሳንሰሩ የተበላሸ ጊዜ የጋዝ ሲሊንደሬን አራተኛ ፎቅ ያወጣህልኝ! ማን ቀረኝ አሁን!»

ድንኳኑ ተናወጠ። ሌላዋ ተቀብላ ደግነቱን፣ ሌላው ሳቁን፣ ሌላው ቁመናውን አነሣ። ረድኤት በወንበሮቹ መኻል እየተሯሯጠች «ክፉውን! እባካችሁ፣ ክፉውን ተናገሩ!» ትላለች።

«አንቺ ልጅ፣» አሏት እትዬ ውድነሽ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ሬሳ ፊት ነው እንዴ ክፉ የሚወራው?»

«ሬሳ የለም እኮ፣ እማማ።»

«ታዲያ ድንኳኑ ለምን ተተከለ?»

ረድኤት ወደ ጋሽ መንክር ዞረች። ጋሽ መንክር ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ደንቡን አውቃለሁ» አሉ። «ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ሙት ተወቅሶ አያውቅም። እኔ ዳኛ ሆኜ አይጀመርም።»

ሕክምናውን ያዘጋጁት ሰዎች ሁሉን ነገር አስልተዋል፤ የድንኳኑን ስፋት፣ የለቅሶውን ድምፅ ከፍታ ሳይቀር። አንድ ነገር ብቻ ረስተዋል። በሕይወት እያለ አንድ ደግ ቃል የማይወረውርልህ ጎረቤት፣ ስትሞትለት አፉን የሚይዘው የለም። ይህንን ለማወቅ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት መቀመጥ ይበቃል። የሚቀመጡ ግን አይመስለኝም፤ የሚልኩት ወንበር ነው።

ንፍሮ ይዤ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ይድነቃቸው ጉልበቱን አቅፎ እየሳቀ ነበር።

«እማ፣ ይሄ ሰውዬ ማን ነው? አስተዋውቂኝ።»

በማግስቱ የለቅሶው ጉልበት ጨመረ። የመጀመሪያው ቀን ወሬ አብዛኛው እውነት ነበር፤ የሁለተኛው ግማሹ። ለእናቱ ሲል የውጭ አገር ሥራ እንደተወ ተወራ። ሰው ከእሳት እንዳወጣ ተወራ፤ የየትኛው ቤት እሳት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ይድነቃቸው መሳቁን ትቶ ነበር። ጆሮውን ወደ መጋረጃው አስጠግቶ ነበር የሚሰማው።

«ሲሊንደሩን ተሸክሜላቸዋለሁ?» አለኝ።

«ተሸክመሃል።»

«እኔ አላስታውስም» አለ። ንፍሮውን ሳይነካው አስቀመጠው። «ሰውዬው ጥሩ ሰው ነበር፣ አይደል?»

«ሰውዬው አንተ ነህ።»

ጆሮውን ወደ መጋረጃው መለሰ።

በሦስተኛው ቀን ረድኤት አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ይዛ መጣች። ለቅሶው እንዲጸድቅ የእናት እንባ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ሦስቱንም ቀን አላለቀስኩም። ሴቶቹ በሹክሹክታ ሲያሙኝ ሰምቻለሁ፤ በባሌም ጊዜ እንዲሁ ብለዋል።

«እኔ የማለቅሰው ቤቴ ነው» አልኳት። «በሬን ዘግቼ።»

«አንዲት ጠብታ ብቻ፣ እናቴ። ሌላው ሁሉ አልቋል። ያለዚያ አማራጩ እንዳልተመረጠ ይቆጠራል።»

ጋሽ መንክር ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። ከመጋረጃው ጀርባ የይድነቃቸው ድምፅ መጣ።

«ስጫቸው፣ እማ። ከእንባ ሌላ ምን ያላስረከብነው አለ?»

ብርጭቆዋን ተቀብዬ ወደ ድንኳኑ ጥግ ዞርኩ። ጊዜ አልፈጀብኝም። ረድኤት ጠብታዋን በመሣሪያ አይታ «ጸድቋል» አለች። እንባው ለማን እንደፈሰሰ መሣሪያው አይለይም።

ከሰዓት በኋላ መኪና መጣ። ልጄን አዲስዓለም አሉት። የእድሩ ሕሙማን በሙሉ አዲሱ፣ አዲስሕይወት፣ አዲስዓለም ናቸው፤ ከዚህ ወዲያ አላሰቡበትም። ድሬዳዋ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤተሰብ ዘንድ ይኖራል ተባለ። ሲሄድ ለቀስተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ደንቡ ነው። እኔ አላዞርኩም። ይድነቃቸው መኪናው ውስጥ ሆኖ ድንኳኑን፣ ፎቶውን፣ ወንበር የሚያጣጥፉትን ሰዎች ያይ ነበር። ወደ እኔ ያየው ከሁሉም በኋላ ነው።

የቤታችን መብራት በዚያው ቀን አረንጓዴ ሆነ። ጎረቤት አጽናናኝ። ምግብ እያመጡ ሟቹን ያነሡልኛል፤ ስሙን ሳይጠሩ «ያ ልጅ» እያሉ። አርባውን አወጡለት። በሕይወት ያለ ሰው ተዝካር ስበላ ምን እንደሚሰማኝ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝም አልነግራቸውም ነበር። እኔ ዓመቱን ነበር የምጠብቀው። መኝታ ክፍሉን አጸዳሁ። የነፋስ ማማዎቹን አለቃ አነጋገርኩ፤ ደህና ሆኖ ከመጣ መልሰው እንደሚወስዱት ቃል ገቡልኝ።

ዓመቱ ሲሞላ እድሩ የሙት ዓመት ድንኳን ተከለ። እንደተለመደው የሕክምና ክፍሉ አጽናኝ የሚባሉ፣ በስንብት ካለፉት መኻል የመለመላቸውን ሠራተኞቹን ላከ። ጥቁር ኮት የለበሱ ሦስት ወጣቶች ናቸው። መኻለኛው ልጄ ነበር።

ወፍሯል። ቆዳው ጠርቷል። እጁ አይንቀጠቀጥም። በድንኳኑ በር ሲገባ ትንፋሹን ሰጠ፤ በሩ ሳይቆይ አሳለፈው። ይህን ሳይ ደስ አለኝ፤ አልክድም። እትዬ ውድነሽ አጠገባቸው አስቀመጡትና ዓይን ዓይኑን እያዩ የፎቶውን ልጅ ያወሩለት ጀመር።

«አንተ አታውቀውም» አሉት። «እንዲህ ያለ ልጅ አልተፈጠረም።»

«ሰምቻለሁ፣ እማማ» አላቸው።

ማወቅ ቅጣት ስላለው አላወቁት ይሁን፣ እውነት ጠፍቷቸው ይሁን፣ መለየት አልቻልኩም። በነሱ ቤት ልዩነት ያለውም አይመስለኝም።

ተራው ደርሶ ፊቴ ቆመ። ጎንበስ አለ።

«እግዜር ያጥናዎት» አለኝ።

ከንፈሩ ጥግ ላይ ያቺን የቀልድ ፈገግታውን ፈለግኩ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያሾፍ ከሆነ እዚያ ጋ ትታወቃለች። አልነበረችም።

ተነሥቼ ከድንኳኑ ውጭ እስከ ደረጃው ሥር ወሰድኩት። ተከትሎኝ መጣ፤ ሐዘንተኛ ሲጠራው መከተል ሥራው ነው።

«ዓመቱ ሞልቷል» አልኩት። «መብትህ ነው። ክፍልህ ጸድቷል። ሥራህም አለ። ና፣ ይድኔ።»

ስሙን ስጠራ ዙሪያውን አየ፤ ለራሱ ሳይሆን ለእኔ ፈርቶ።

«ጠይቀውኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ባለፈው ሳምንት። አስቤበታለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ነው የሰማሁት እኮ። ያ ልጅ ሰው ከእሳት ያወጣ፣ ሁሉም የሚወደው ልጅ ነው። እኔ ያን ስም ይዤ ብመለስ፣ አንድ ጠዋት መብራቱ ብርቱካናማ ቢሆን፣ ያን ሁሉ ስሙን አበላሽበታለሁ። አዲስዓለምን የሚያውቀው የለም። እሱ ቢወድቅም ማንም አያዝንም።»

«እሳቱ ውሸት ነው። ሲሊንደሩ ብቻ ነው እውነቱ። እኔ የምፈልገው ሲሊንደሩን የተሸከመውን ነው፤ የሚያጨሰውንም ጨምሬ።»

ወደ ደረጃው ቀና ብሎ አየ። የሚናገር መሰለኝ። ከድንኳኑ በኩል ጓዶቹ ጠሩት፤ አዲስዓለም ብለው። ሳይዘገይ ዞረ።

«አርፎ ይተኛ፣ እናቴ» አለኝ። «ደህና ቦታ ላይ ነው ያለው።»

የአጽናኞች ቃል ነው። ሁሉም እንደዚሁ ይላሉ።

መኪናቸው ከግቢ ሲወጣ ጋሽ መንክር ወንበር ያስቆጥሩ ነበር። ረድኤት መጥታ እጄን ጨበጠችኝና እንኳን ደስ አለዎት አለችኝ፤ ያለ አንዲት ብርቱካናማ ቀን የተፈጸመ ሕክምና ነው፣ ለሌሎች ከተሞችም በምሳሌነት ይቀርባል። አመሰገንኳት። ደረጃውን ወጥቼ ቤቴ ገባሁና በሬን ዘጋሁ።

ባለቤቴ መቃብር አለው። ልጄ የለውም።